የባኞ ሰፈር ታሪክ ጸሐፊዋ

ባለቤቴ በሞተ በሰባተኛው ወር የእድራችን ዳኛ ቤቴ መጥተው የሰፈራችንን ታሪክ እንድጽፍ ጠየቁኝ። ሁለት ገጽ ይበቃል አሉ፤ ከሁለት ገጽ የሚያልፍ ታሪክ የለንም። እኔ ስለ ሰፈሬ ተቀየምኩ። አሁን ወሩ ሲቆጠር ሁለት ገጹን ለመጨረስ የበጋውን ግማሽ እንደፈጀሁ አያለሁ፤ ቅያሜዬን ዋጥ ባደርገው ይሻል ነበር።

ሰፈራችን ባኞ ሰፈር ይባላል። ከጦር ኃይሎች ታክሲ ይዞ ኮልፌ የወረደ ሰው ገበያውን አቋርጦ ከጀርባ ሲገባ ያገኘዋል፤ ካላገኘው አልፎታል ማለት ነው። ሁለት መደዳ ቤት፣ በመሃል አንድ ኮረኮንች መንገድ፣ በመንገዱ ጫፍ አንድ ቦኖ ውሃ፣ ከቦኖው ሥር አንድ ትልቅ የብረት ባኞ። በቃ፣ ይኸው ነው። ለመንገድ ማስፋፊያ ታችኛው መደዳ እንደሚነሳ ከተነገረን ወዲህ የእድሩ ግማሽ ወዲያና ወዲህ ሊበተን ነው። የእኔም ቤት ታችኛው መደዳ ላይ ነው። ዳኛው ያሰቡት፣ ሁላችንም አብረን በምንሰበሰብበት በመጨረሻው እሁድ ታሪኩ እንዲነበብና ተባዝቶ ለየቤቱ አንዳንድ እንዲሰጥ ነው። የሚሄደውም የሚቀረውም ከሰፈሩ አንድ ነገር ይዞ እንዲቆይ።

ሥራው በደንቡ የእኔ አልነበረም። ባለቤቴ ለብዙ ዓመት የእድሩ ጸሐፊ ነበር፤ የሰፈሩን ታሪክም የሚያውቀው እሱ ነበር። ጡረታ ስወጣ እጽፈዋለሁ ይል ነበር። ጡረታ ወጣና ቦኖው አጠገብ ወንበር አውጥቶ ሲያወራው ከረመ። ሳይጽፈው ሞተ። ስለዚህ ለዳኛው እሺ ያልኩት ለሰፈሩ ብዬ አይደለም። እሱ ይናገረው የነበረውን አንዲት ፊደል ሳላዛንፍ ልጽፍ ነው። ቤቱ ሲፈርስ፣ ወንበሩን የሚያወጣበት ደረጃ ሲነሳ፣ ሁለተኛ እንደሚሞትብኝ ይሰማኝ ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን አፍራሾቹ አይደርሱበትም ብዬ አሰብኩ።

በመጀመሪያው ሳምንት ርእሱን ጻፍኩ። በሁለተኛው ሳምንት አሰመርኩበት። ድሮ ተማሪዎቼን «እጃችሁን ምን ያዘው?» እያልኩ እቆጣ ነበር፤ ምን እንደሚይዘው አሁን ገባኝ። አንድ መስመር እጽፍና «ይሄ እንዴት ነበር?» ብዬ ለመጠየቅ ቀና እላለሁ። የምጠይቀው ሰው ወንበሩ ላይ የለም። መነጽሬን አውልቄ እጠርገዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የዕለቱ ሥራ ያለቀ ይመስለኛል።

እንደዚያም ሆኖ የመጀመሪያው ገጽ ሞላ። ሰፈሩ ድሮ ሜዳ እንደነበረ፣ ከገጠር አጠና ጭነው የሚመጡ ሰዎች አህያ የሚያሳርፉበት፣ ከዚያ አንዱ ጎጆ ሲቀልስ ሌላው አጥር ሲያጥር፣ ከሸዋ የመጣው ከጎጃም ከመጣው ጋር ግድግዳ ተጋርቶ፣ ጉራጌው ሱቅ ከፍቶ፣ ኦሮሞዋ ወተት እያመጣች በዚያው ቀርታ መደዳው እንደተያዘ ጻፍኩ። ልጆቻችን ኳስ ሲጫወቱ በሦስት ቋንቋ እንደሚሰዳደቡ፣ ሲታረቁ ግን በአማርኛ እንደሆነ ጻፍኩ። ምክንያቱን አልጻፍኩም፤ አስታራቂዋ እኔ ነበርኩ፣ ሌላ ቋንቋ አልችልም። ስለ ሰፈሩ ሰው ጠባይ ስደርስ ብዕሬ ቀለለኝና እንዲህ አልኩ፦ «የባኞ ሰፈር ሰው ደግና ተጫዋች ነው፤ ምስጢር ግን አይችልም። ጠዋት ቦኖው ላይ የተንሾካሾኩት ነገር ምሳ ሳይደርስ ሱቁ ውስጥ ይሰማል።» በዚህች ዓረፍተ ነገር ኮርቼ ሁለት ቀን ምንም ሳልጽፍ ዋልኩ።

ቀጥሎ የመጣው የባኞው ታሪክ ነው። ባኞውን የማያውቅ ኮልፌ ውስጥ ጥቂት ነው። አራት እግር አለው፣ የአንበሳ መዳፍ የመሰለ፤ አንደኛው ተሰብሮ በድንጋይ ተደግፏል። ልብስ ይዘፈዘፍበታል፣ አህያ ይጠጣበታል፣ እድሩ ድንኳን ሲጥል የሸክላው ሳህን ሁሉ የሚታጠበው እሱ ውስጥ ነው። ልጆች ሲደርቅ ይገቡበትና ታክሲ ያደርጉታል፤ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ጠርዙ ላይ ቆሞ «ጦር ኃይሎች፣ ጦር ኃይሎች፣ አንድ ሰው!» ይላል።

እንዴት እንደመጣ ባለቤቴ የነገረኝ በተጋባን በሦስተኛው ቀን ነው። ሙሽራ ሆኜ በመስኮት ሳይ ቦኖው ሥር ባኞ አየሁና ጠየቅኩት። ጣሊያን ከአገር ሲወጣ አንድ መኮንን ዕቃውን በካሚዮን ጭኖ በዚህ ያልፍ ነበር አለኝ። ጎማው ፈነዳ። ጭነቱን ለማቅለል ባኞውን አወረደ። ከዚያ ጠርዙ ላይ ተቀመጠና ላቡን በቀይ መሀረብ እየጠረገ አለቀሰ። ሲበቃው ተነሥቶ፣ አንዴ ዞር ብሎ አይቶት ሄደ። ያ ልቅሶ ልቤን ነካው። የሰው አገር ሊወስድ መጥቶ ባኞ ትቶ ያለቀሰ ሰው! ይህን ታሪክ ሠላሳ ዓመት ኅብረተሰብ ትምህርት ሳስተምር ለተማሪዎቼ ነገርኩ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ባኞው አጠገብ አቁሜ ጣቴን ቀስሬ ነገርኩ። አንዳንድ ጊዜ ጎረቤቶቼ ዙሪያዬን ቆመው ያዳምጡኝ ነበር፤ አንገታቸውን አቀርቅረው፣ በአክብሮት ይመስለኝ ነበር።

ያም ቢሆን አስተማሪ ነኝና ዝም ብዬ አልጻፍኩትም። «አንድ ምስክር ምስክር አይደለም» እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ደብተር ይዤ ሽማግሌዎችን ለመጠየቅ ወጣሁ። መጀመሪያ ባለሱቁን ጠየቅኩ። ካሚዮኑን፣ ጎማውን፣ ቀይ መሀረቡን ነገሩኝ። ቀጥዬ የእድሩን ጥሩምባ ነፊ ጠየቅኩ፤ ሰው ሲሞት ገና ጎህ ሳይቀድ ጥሩምባ ይዘው በየመደዳው የሚዞሩት እሳቸው ናቸው። እሳቸውም ካሚዮኑን፣ ጎማውን፣ ቀይ መሀረቡን። በመጨረሻ ዳኛው ራሳቸው፣ ትንሽ ሳል ካሉ በኋላ፣ ቀይ መሀረቡን። ሦስት ሰው፣ አንድ ቃል! ደስታዬ ወሰን አጣ። በዚያ ላይ የእድሩን የንብረት መዝገብ ብገልጥ፣ ከድንኳኑና ከብረት ድስቶቹ ቀጥሎ «አንድ የጣሊያን ባኞ፣ ባለቤቱ ጥሎት የሄደ» የሚል አገኘሁ። የእጅ ጽሑፉ የባለቤቴ ነበር። ገጹን ሳምኩና አለቀስኩ። መዝገቡን የጻፈው ማን እንደሆነ እያየሁ፣ እያለቀስኩበት፣ ደብተሬ ላይ ግን «በሰነድም ተረጋግጧል» ብዬ ጻፍኩ። የተማረ ሰው ሲሞኝ በሰነድ ነው።

አንድ ሰው ቀርተው ነበር፤ እትዬ። እትዬ የግድግዳ ጎረቤቴ ናቸው፤ ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል፤ እግራቸው ስለማይታዘዝላቸው ከአልጋና ከበር አይርቁም። እስከ ዛሬ የሚጠሩኝ «ሙሽራዬ» እያሉ ነው። ጥቁር ለብሼ ስገባም ሙሽራዬ ነኝ። እሳቸውን ለመጠየቅ ሳይሆን ያለቀውን ላነብላቸው ሄድኩ፤ ምስጋና ፈልጌ ነበር ብል ይሻላል። እስከ አጠና ጫኞቹ፣ እስከ ሱቁ ድረስ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። «ምስጢር ግን አይችልም» ስል አንዴ በጎን አዩኝ። ጣሊያኑ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ግን ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ሻሻቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ይሄን ጣሊያን እኮ ምሳ አብልቼዋለሁ» አሉኝ።

ብዕሬን አነሣሁ። የዓይን ምስክር ማግኘቴ ነው! ያን ጊዜ ስንት ዓመትዎ ነበር አልኳቸው።

«እኔ እንጃ። አንቺ በመጣሽበት ዓመት ነዋ።»

«እትዬ፣ እኔ በመጣሁበት ዓመት እዚህ ጣሊያን አልነበረም።»

«ባልሽ ነበረ» አሉ።

ብዕሬን አስቀመጥኩ። እሳቸው ሻሻቸውን እያሰሩ ቀስ ብለው ነገሩኝ፤ የነገሩኝን እዚህ አሳጥሬ አስቀምጠዋለሁ።

ከመጋባታችን በፊት፣ ፒያሳ አክስቴ ቤት ሳለሁ፣ ሊያየኝ ሲመጣ አንድ ቀን «እኔ ባኞ የሌለበት ቤት አልገባም» ብዬዋለሁ። ማለቴን እኔ ረስቼዋለሁ፤ እትዬ ከእሱ ሰምተው ያስታውሳሉ። እንዳልኩ ግን አምናለሁ፤ ድምፁ የእኔ ነው። በዚያን ጊዜ አፍንጫዬ ትንሽ ወደ ላይ ነበር። እውነቱን ለመናገር አክስቴ ቤት የነበረው ባኞ ውሃ መጥቶበት አያውቅም፤ እኔም ታጥቤበት አላውቅም። ሽንኩርት ነበር የምናስቀምጥበት። ይህን ለእሱ አልነገርኩትም። እሱ ደግሞ ቃሌን ይዞ ኮልፌ ተመለሰና መፈለግ ጀመረ። ጦር ኃይሎች አካባቢ ይፈርስ ከነበረ አሮጌ ቤርጎ ያንን የብረት ጉድ አገኘ። ለሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ከሦስት ጎረቤቶቹ ጋር በጋሪ እየገፉ አመጡት። ባለሱቁ፣ ጥሩምባ ነፊውና የዛሬው ዳኛ ነበሩ። ሦስቱ ምስክሮቼ።

በበሩ አልገባም አለ። በቁመት ሞከሩት፣ በጎን ሞከሩት፣ አንዱ እግር ተሰበረ። ባለቤቴ ዲጂኖ አንሥቶ የበሩን ጎን መናድ ጀመረ። ቤቱ የጭቃ ነው፤ ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ እትዬ በወዲህ በኩል ምጣዳቸው ሲወድቅ ጮኹና አስቆሙት። ከዚያ ባኞውን ቦኖው ሥር አሳረፉት። እሱ ጠርዙ ላይ ተቀመጠ።

«መሀረቡስ?» አልኳቸው።

«ቀዩማ እውነት ነው። አንቺ የሰጠሽው አይደል? በእሱ ነው ፊቱን ሲጠርግ የነበረው። እኔ ቂጣ ይዤ ብወጣ፣ እትዬ፣ ምን ልበላት ነው ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ብላ መጀመሪያ አልኩት።»

በዚያው ዕለት ማታ የተናደውን የበር ጎን መረገና ከቤት ቤት እየዞረ ለመነ። የተማረች ልጅ ናት፣ የሳቁባት ከመሰላት ትሸማቀቃለች፤ ከጠየቀቻችሁ የጣሊያን ነው በሉልኝ አላቸው። ማሉለት። ሁለት መደዳ ሙሉ ሰው ማለለት።

ወደ ቤቴ ስመለስ በሬ ላይ ቆምኩ። በስተቀኝ በኩል መቃኑ አጠገብ ከወለል እስከ ትከሻዬ ድረስ ግድግዳው ያበጠ ነው፤ ምርጉ ከሌላው ይለያል። ስንት ጊዜ ቀሚሴን ይዞኛል! ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው ግንበኛው አንድ ዓይና ነበር ብሎኛል። እሱንም አምኜ ነበር። ሰነድ ፍለጋ ኮልፌን ስዞር ሰነዱ በሬ ላይ ተለጥፎ በየቀኑ ቀሚሴን ይጎትተኝ ነበር።

ሦስት ቀን ተቆጣሁ። ከሞተ ሰው ጋር መጣላት አስቸጋሪ ነው፤ አይመልስም፣ አያኮርፍም፣ ምሳ አልበላም አይልም። የማፍረው ደግሞ በውሸቱ አልነበረም። እንግዳ አቁሜ ጣቴን የቀሰርኩባቸው ቀናት ሁሉ ተራ በተራ ይመጡብኝ ጀመር። ጎረቤቶቼ አንገታቸውን ያቀረቀሩት ለምን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከመጀመሪያው ገጽ ላይ «ምስጢር ግን አይችልም» የሚለውን ሰረዝኩ። የሰረዝኩት ያ ብቻ ነው። ቀሪውን ምን ላድርገው? እሱ ይናገረው የነበረውን አንዲት ፊደል ሳላዛንፍ እጽፋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ፤ እሱ የሚናገረው ጣሊያኑን ነው። ጣሊያኑን ከጻፍኩ እሱ እንዳለው ይቀራል። እውነቱን ከጻፍኩ ተረቱን እቀማዋለሁ፤ ግን ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ያለቀሰው ማን እንደሆነ ይታወቅለታል። እስከ እሁድ ሁለቱንም በሁለት ወረቀት ጽፌ ያዝኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈጥኜ ጽፌ አላውቅም።

እሁድ ጠዋት ድንኳኑ ሥር ተሰበሰብን። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ከጥግ ወንበር ተነሥቼ አላውቅም ነበር፤ ዳኛው ወደ ፊት ጠሩኝ። አጠናውን አነበብኩ፣ ሱቁን አነበብኩ፣ ሳቁም። ባኞው ጋ ስደርስ ሁለቱን ወረቀቶች አየኋቸውና ጣሊያኑ የሌለበትን አነሣሁ። «ባኞውን ያመጣው ባለቤቴ ነው» ብዬ ጀመርኩ። ሽንኩርቱንም አልተውኩም። ጨረስኩ። ወጣቶቹ ሽማግሌዎቹን ያያሉ፣ ሽማግሌዎቹ መሬት ያያሉ።

ጥሩምባ ነፊው ቆባቸውን አውልቀው ተነሡ።

«ቲቸር፣ እኛ አልነገርንሽም። ይመዝገብልን» አሉ። «ለእሱ ቃል ሰጥተናል። አሁን እሱ የለም፤ ማን ይፈታናል?»

ዳኛው አገጫቸውን አሻሹ። ከዚያ፣ ቃሉ የተሰጠው ስለ እሷ ነው፣ እሷ ትፍታችሁ አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እንዲህ ያለ ነገር በቄስ አፍ ያምራል። እኔ የማውቀው ቋንቋ የክፍል ውስጥ ብቻ ነው።

«ተፈታችኋል፤ ተቀመጡ» አልኩ።

ተቀመጡና አንድ ላይ ማውራት ጀመሩ። ለአርባ ዓመት ያህል የታፈነ ወሬ ነው፤ ድንኳኑን አነሣው። ባለሱቁ የተሰበረው እግር የኋላው ነው ይላሉ፣ ጥሩምባ ነፊው የፊተኛው። ዳኛው በጋሪ አልነበረም፣ ከቤርጎው እስከ ገበያው በትከሻችን ነው አሉ። አንዷ ሴት ሦስት ሳይሆኑ ስድስት ነበሩ፣ አባቴም ነበሩበት አለች፤ አባቷ ያን ጊዜ ዘነበወርቅ ሆስፒታል ተኝተው ነበር ብለው ሌሎች ተቃወሟት። ቂጣውን ያመጣችው እናቴ ናት ያለም ነበር፤ እትዬ ይህን ባለመስማታቸው ደስ አለኝ። ደብተሬን ገለጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምስክሮቼ አልተስማሙም። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ያልገባኝ ነገር ያኔ ገባኝ፤ ምስክር በዝርዝሩ የሚጣላው ነገሩ በእርግጥ የደረሰ ሲሆን ነው።

ወጣቶቹ ግን ጣሊያኑን አንለቅም አሉ። አንዷ እናት ለልጆቼ ነግሬያቸዋለሁ፣ አሁን ምን ልበላቸው ብላ አጉረመረመች። ዳኛው ወሰኑ፤ ጣሊያኑ እዚህ አርባ ዓመት ኖሯል፣ እድርተኛ ነው፣ አይባረርም። ሁለቱም ታሪክ ተባዝቶ ይሰጥ ተባለ። ሁለት ገጽ የተባለው አራት ሆነ።

ሳር ቤት ዘመዶቼ ጋ ምሳ ልበላ ስወጣ ጥሩምባ ነፊው ቤቴ በር ላይ ያዙኝ። ከኋላቸው ባለሱቁና ዳኛው፣ ከእነሱም ኋላ ልጆቻቸው ቆመዋል። ዲጂኖ ይዘዋል። ቤቱ እንደሆነ ሊነሳ ነው አሉኝ፤ ከፈቀድኩላቸው የጀመሩትን ሥራ ይጨርሳሉ። መጀመሪያ እንቢ ማለት ነበረብኝ፤ ሰው ሊነሳ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በሩን አያስፈርስም። ግን ያበጠውን ግድግዳ ሳይ፣ የእሱ ጣት ያለፈበትን ምርግ ሳይ፣ ሌላ ሰው መጥቶ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ከሚያፈርሰው እነዚህ ቢያፈርሱት ይሻላል አልኩ። ከምርጉ አንድ ጡብ የሚያህል ቁራጭ ለራሴ አስቀረሁ።

ግድግዳው ያን ያህል አላስቸገረም። ባኞው በጎኑ ተጋደመና ገባ። ሽማግሌዎቹ የሚገፉ መስለው ይደገፉበታል፣ ልጆቻቸው ይሸከሙታል። እትዬ ሁለት ሰው ደግፏቸው በራቸው ላይ ወጥተው «ምጣዴን!» ይላሉ። ሳሎኔ ውስጥ፣ የእሱ ወንበር ከነበረበት አጠገብ አሳረፉት። ከዚያ ሁላችንም ዙሪያውን ቆመን አየነው። ውሃ የለም፣ ቧንቧ የለም፣ በርም የለም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከእድሩ ድንኳን ጋር ወደ መጋዘን ይወሰዳል።

ሁሉም ሲሄዱ ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ ገባሁበት። ይቀዘቅዛል፣ ጠርዙ አንገት ይወጋል። የጠየቅኩት ይህን ነበር። ትንሽ ተቀመጥኩ። ከውስጡ መውጣት ከመግባቱ እንደሚከብድ ስላላወቅኩ ከፈለግኩት በላይ ቆየሁ፤ በበሩ ፋንታ በሰቀልኩት አንሶላ በኩል እትዬ ሲጠሩኝ ገና እዚያው ነበርኩ።

«ሙሽራዬ፣ ባኞሽን ምን ልታደርጊበት ነው?»

«ሽንኩርት ላስቀምጥበት ነው» አልኳቸው።